ዶክተር «ምንም አልሆንሽም»

እሱን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ታድሏል። አራስ ቤት ሲገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ገንፎ ሲቀርብ ይጠጋል፤ አራሷ እንባዋን ስትጠርግ ካየ ደግሞ ማንኪያውን ቀስሮ ምርመራውን ያወጣል፦ «ምንም አልሆንሽም!» ካርድ ማውጣት የለ። ደም መስጠት የለ። ራጅ የለ። ሌላው ሐኪም ስንት ዓመት ተምሮ የሚጠራጠርበትን እሱ በሁለት ጉርሻ መሐል ይደርስበታል። ከየት ተመረቅህ ብትሉት ምርቃቱ ከሽማግሌዎች ነው፤ እሱም በሠርጉ ዕለት። ከዚያ ወዲህ ያገኘው ምርቃና ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን ሐኪም መሐል አስቀምጠነዋል። እናንተም ቀረብ በሉ፤ ወንበር ያጣ በርጩማ ይሳብ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እናንተ ትፈርዳላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከቆየ ጎበዝ ነው።

«ወለደች፣ ተገላገለች፤ አሁን ምን ያስለቅሳታል?» ብሎ ጀመረ።

ተገላገለች? ከምኑ? ከምጡ ተገላግላ ስፌቱ ያዛት። ከማቅለሽለሹ ተገላግላ እንቅልፍ ማጣቱ ገባ። ከሆዷ ክብደት ተገላግላ አማቷ ሻንጣ ይዘው መጡ። ካንተ እንደሆነ ገና አልተገላገለችም፤ ይኸው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ቅቤ ትልሳለህ። ሆዷ ሲገፋ አይተሃል። ሆድ ሲብሳት አላየህም።

ገላዋ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ፤ ጉርሻህን ዋጥ አድርግና ስማ። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉ ሆርሞኖች አሉ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሽቅብ ሲወጡ ኖረው የእንግዴ ልጁ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ። ብር የወረደ ሰሞን አንተ ሳምንት ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንበህ አልነበር? ያኔ «ምንም አልሆንክም» ያለህ ሰው ነበር? አልነበረም። ሁሉም «አይዞህ» አለህ። ገንዘቡ እንኳ ያንተ አልነበረም፤ ብድር ነበር። ሆርሞኑ ግን የራሷ ነው።

ታዲያ ከወለዱት ሴቶች ብዙዎቹ፣ እስከ 80 በመቶ የሚደርሱት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አካባቢ እንባ እንባ ይላቸዋል። ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይነጫነጫሉ፤ ምክንያቱን ብትጠይቃቸው እነሱም አያውቁትም። ይህ በሽታ አይደለም። እንቅልፍ፣ ረዳትና ጥሩ ቃል ካገኘች በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃታል። እዚህ ላይ ዶክተራችን ሳያውቀው ልክ ሆኗል። አይግረማችሁ፤ ሎተሪም ይወጣል።

ችግሩ፣ ዶክተር በሁለተኛው ቀን የተናገረውን በሁለተኛው ወርም ይደግመዋል። ሁለት ሳምንት አልፎ እንባው ካልደረቀ፤ ሕፃኑ ተኝቶላት እንቅልፍ እሷን እምቢ ካላት፤ ምግብ ከዘጋት፤ ዱሮ ያስቃት የነበረው ሁሉ ከቀዘቀዘባት፤ የወለደችው ልጅ የጎረቤት ልጅ መስሎ ከታያት፤ «መጥፎ እናት ነኝ» እያለች ራሷን ከከሰሰች፤ ይባስ ብሎ «እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር» ካለች፣ ይህ የሰሞን እንባ አይደለም። ድባቴ ነው። ከወለደች ወራት ቆይቶም ሊጀምራት ይችላል። ምርመራ አለው፣ ሕክምና አለው፣ ይድናል። የጠፋው ያንተ ጆሮ ነው።

«እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው» አለ። ስሙት እንግዲህ! «የሀብታም ቅብጠት!»

እኛ ሰማንህ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ደረጃ ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ ያህሉ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ በብዛት ድባቴ። በታዳጊ አገሮችስ? በእርግዝና ጊዜ 15.6 በመቶ፣ ከወሊድ በኋላ 19.8 በመቶ። አየህ፤ የሀብታም ቅብጠት ያልከው ድሃ ቤት ሲገባ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ቅብጠት ከሆነማ ቀበጦቹ እኛ ነን። በየትኛው ዘይት ነው የቀበጥነው? በየትኛው ሽንኩርት? በሒሳቡ ከሄድን ከአምስት አራስ አንዷ ማለት ነው። ዘንድሮ ስንት አራስ ቤት ገንፎ በላህ? አምስት? እንግዲያው በሒሳቡ አንደኛዋ ታማ ነበር። ገንፎዋ ግን አልተረፈም።

አሁንም «ፈረንጅ አገር ነው» ብሎ ድርቅ ካለ ቡታጅራ እንውሰደው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቪዛ አይጠይቅም። እዚያ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። በእርግዝናቸው ወቅት ጭንቀትና ድባቴ የበረታባቸው ሴቶች ምጣቸው ይረዝም ነበር፤ ሕፃኑን ጡት ማስያዛቸውም ይዘገይ ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያልከው ነገር ማህፀን ድረስ ወረደ፣ ጡት ድረስ ደረሰ፤ አንተ ዘንድ ብቻ ነው ያልደረሰው። እነዚያ ሴቶች ደግሞ እንኳን ፈረንጅ ሊሆኑ፣ የፈረንጅ ላም አልበው የሚያውቁትም ስንቶቹ ይሆኑ?

«እሺ፣ ዘመን ያመጣው ፋሽን ነው» ብሎ ዞረ። መሪው ለስላሳ ነው፤ ፍሬኑ ነው እንጂ የሌለው።

የቱ ዘመን? ጥንት በግሪኮቹ ዘመን፣ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ፣ ከወለደች በኋላ አእምሮዋ ስለተናወጠ ሴት ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1858 ሉዊ ቪክቶር ማርሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ስለ ነፍሰ ጡሮች፣ ስለ አራሶችና ስለሚያጠቡ እናቶች የአእምሮ ሕመም አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። ያኔ እኛ ዘንድ ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ሴባስቶፖል እንኳ ገና አልተሠራም። መድፉ ሳይቀልጥ የተጻፈን በሽታ አንተ ቲክቶክ ያመጣው አደረግኸው። ፋሽን ከሆነ ዕድሜው ካንተ ኮት ይበልጣል። ኮትህን ደግሞ እናውቀዋለን።

አሁን ትልቁ ካርታ ሊጣል ነው፤ ጸጥ በሉ። «እናቶቻችን አሥር አሥር ወልደው ምንም አልሆኑም!»

አጨብጭቡለት፤ ለፍቶበታል። ከዚያ እንጠይቀው። ማን ነገረህ? እናትህ? ጠየቅሃት? የዚያን ጊዜ አንተ ዳዴ ላይ ነበርክ፤ ቃለ መጠይቅ አላደረግህም። እናትህ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ «ጭሱ ነው» አለችህ፤ አመንካት። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባና ጭሱ ቀረ፤ አሁንም አለቀሰች፤ «ሽንኩርቱ ነው» አለችህ፤ አመንካት። ሽንኩርት ተወደደና ጠፋ፤ አሁንም አለቀሰች። አንተ ምን አልክ? «ጉንፋን ይዟታል።» ዶክተርነትህ የተጀመረው ያን ዕለት ነው።

እነዚያ እናቶች «ሆድ ይፍጀው» ብለው ዝም አሉ፤ ሆድ ዕቃውን ትቶ ባለቤቲቱን ፈጃት። አንዷ አሥር ወልዳ ብርቱ ነበረች፤ እውነት ነው፤ አንክድም። ሌላዋ አሥር ወልዳ አራቱን ቀብራ፣ ከአምስተኛው በኋላ ከሰው መቀላቀል ትታ፣ ሰፈሩ «ከወለደች ወዲህ ልክ አይደለችም» ይላት ነበር። ስም አጥታችሁ አልነበረም። ዛር አላችሁት። ጥላ አላችሁት። ቡዳ አላችሁት። አራስ ቤት የገባ ጋኔን አላችሁት። በአራትና በአምስት ስም ሲዞር የኖረ ሕመም በመጨረሻ አንድ ትክክለኛ መታወቂያ ሲያወጣ «አናውቀውም» ተባለ! ደግሞ «እናት ሆዷ ዥንጉርጉር» ብለህ የምትተርተው አንተው ነህ። ሆዷ ዥንጉርጉር ከሆነ እናቶቹ ራሳቸው በአንድ ልክ የተሰፉ መሰለህ?

አያቶችህን ደግሞ አታሰድብብን። እነሱ አራስን ብቻዋን አይተዉም ነበር። ወንዝ የሚወርደው ወርዶ፣ ገበያ የሚሄደው ሄዶ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ይቀራል። ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ነው ይላሉ። ክፉውን ጋኔን አሉት እንጂ መድኃኒቱን አልሳቱትም፦ ሰው ነበር። አያቶችህ የጎደላቸው ስሙ ነው። አንተ ስሙንም ሰዉንም ጥለህ ገንፎውን ብቻ ወረስክ። ጥሩ ወራሽ!

አንድ ነገር ግን ከአያቶችም አልቀበልም፤ ትራስጌ የሚቀመጠውን ቢላ። ጋኔን ይፈራዋል ተብሎ ነው የሚቀመጠው። ሞትን እያሰበች ካለች ሴት ትራስ ሥር ግን ስለት ምን ይሠራል? አንሡት። በእንግሊዝ አገር የሚሞቱ እናቶች ሁሉ ይመረመራሉ፤ ከወሊድ በኋላ ካለው ስድስተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ በቀጥታ ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ራስን ማጥፋት ሆኖ ተገኝቷል። ይቺን ቦታ ሳልስቅ ነው የጻፍኳት፤ አንተም ማንኪያህን አስቀምጥ።

አስቀመጠ? ጥሩ፤ እንቀጥል። ቋንቋችን ራሱ ካንተ ይሻላል። ሰው በቁጣ ሲነሣ «እንደ አራስ ነብር ሆነ» እንላለን። እንግዲህ ነብር ስትወልድ ጠባይዋ እንደሚለወጥ ታምናለህ ማለት ነው። ጫካ ላለች፣ በዓይንህ አይተሃት ለማታውቅ ነብር «አራስ ናት፤ አትንኳት» ትላለህ። ቤትህ ለተኛችው «ቅብጠት ነው» ትላለህ። ምነው እሷም ነብር ሆና በወለደች! ባታዝንላት እንኳ ትፈራት ነበር።

«ምጥ ለእናቷ አስተማረች» ይባላል፤ በድፍረቷ የምትታማ ልጅ አለች። እሷስ ሴት ናት፤ ነገ ታምጣለች። አንተ በየትኛው ማህፀንህ ነው ትምህርት ቤት የከፈትከው?

«ቢሆንም» አለ። ደፋር ነው! «ቢሆንም ነፍሰ ጡር ምን ያሳዝናታል? ደስ ሊላት ነው እንጂ የሚገባው!»

እየው፤ ስሟ ነፍሰ ጡር ነው። አንተ ጡሩን አየህና ነፍሱን ረሳህ። ልጁ ሳይታቀድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያለፈው ልጅ ሞቶባት ይሆናል። የቤት ኪራይ ጨምሮ ይሆናል። ባሏ ቤት የሚገባው ከመጨረሻው ጠርሙስ ጋር ይሆናል፤ እጁም አያርፍ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ለድባቴና ለጭንቀት መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። ክትትል ስትሄድ ሽንቷ ይታያል፣ ደሟ ይመረመራል፣ ክብደቷ ይመዘናል። የደም ግፊቷ ይለካል፤ የባሏ ግፊት አይለካም። አንድ ቀን መለኪያው መጥቶ ክንድህ ላይ ቢጠመጠም ምን ሊያነብ እንደሚችል እግዜር ይወቅ።

ከዚህ በኋላ ዶክተር የመጨረሻ ምሽጉ ውስጥ ገባ። «ይሄማ የመንፈስ ነው። ጸበል ይበቃታል።»

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር እንለይ፤ አንተ ሁሉንም በአንድ ድስት ትቀቅላለህ። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚያገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ድንገት የሚነሣ ሌላ ከባድ ሕመም አለ። ትናንት ደህና የነበረችው ዛሬ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም፤ ንግግሯ ይፈጥናል፤ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፤ ሊገድሉኝ ነው ትላለች፤ ሕፃኑን ልጄ አይደለም ትላለች። ባይፖላር የሚባለው ሕመም ቀድሞ የነበረባት ሴት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ይህ ሁለት ሳምንት አይጠበቅለትም። አንድ ሌሊትም አይጠበቅለትም። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ነው፤ እስከዚያ እሷንም ሕፃኑንም ብቻቸውን መተው የለም። ስትታከም ደግሞ ትድናለች።

ጸበሉንማ ማን ከለከለህ? ትጠመቅ፣ ትጠጣ። ዱዓም ይደረግላት። ግን ጸበልና ሐኪም የተጣሉት መቼ ነው? ማን አጣላቸው? በኤችአይቪ ጊዜ ይህ ክርክር ተነሥቶ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ስለ ጸበል ካንተ ይልቅ ፓትርያርኩ ያውቁ ነበር ብዬ ነው፤ ወይስ ማዕረግ ጨመርክ? ደግሞስ ትልቁ የአእምሮ ሆስፒታላችን ስሙ ማን ነው? አማኑኤል። ምን ማለት ነው? «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር።» እሱ ከነሱ ጋር ከሆነ አንተ ከማን ጋር ነህ?

ቡናው ፈላ። ሰውየው ግን አልበረደም። «መድኃኒቱ ወተቷን ይመርዘዋል» አለ።

ይሄን የሚለው ጉሮሮው በከረከረው ቁጥር ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን የሚውጠው ሰውዬ ነው! ሁለት ፍሬ ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ ቀሪውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠው፤ ለጎረቤትም የሚያበድረው። ስማ፤ ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት አለ፤ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከሚመርጧቸው አንዱ ነው። በተቃራኒው ቫልፕሮዌት የሚባለው በእርግዝና ወቅት ጽንስ ስለሚጎዳ አይመከርም። ስለዚህ የቱ ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የተማረው ሐኪም ነው፤ የተመረቀው። በሽማግሌ የተመረቀው አይደለም። ጀምራ ከሆነም በራሷ ፈቃድ ድንገት አታቋርጥ፤ ባንተ ፈቃድማ ጭራሽ።

በነገራችን ላይ ብቻህን አይደለህም፤ ሆሊውድም የራሱ ዶክተር ነበረው። ተዋናይቷ ብሩክ ሺልድስ ልጇን ከወለደች በኋላ ድባቴ ይዟት፣ መድኃኒት ወስዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ በመጽሐፍ ጻፈች። ተዋናዩ ቶም ክሩዝ ተነሥቶ መድኃኒት መውሰዷን በአደባባይ ነቀፈ። እሷም ዓለምን ከባዕድ ፍጡራን ማዳኑን ይቀጥል፣ የአራሶቹን ሕክምና ለአራሶቹ ይተው የሚል መልስ ሰጠችው። በዚያው ክረምት ፊልሙ ላይ ከባዕድ ፍጡራን ይሸሽ ነበርና! በዓመቱ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። እሱ በገመድ ተንጠልጥሎ ከሰማይ የሚወርድ ሰው ነው፤ ግን ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ። አንተ ከበርጩማ መውረድ አቃተህ።

ደግሞ ሁሉም በክኒን አይታከምም። ፓኪስታን ገጠር ውስጥ በእርግዝናቸው ወቅት ድባቴ የያዛቸው እናቶች ላይ ሥራ ተሠርቶ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ያከሟቸው ፕሮፌሰሮች አይደሉም። እኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደምንላቸው ያሉ የመንደር ሴቶች ናቸው። ሠልጥነው ቤት ለቤት ሄዱ፣ ተቀመጡ፣ አዳመጡ፣ እናቶቹ ስለ ራሳቸውና ስለ ልጃቸው የሚያስቡበትን መንገድ አብረው አቃኑ። ከወሊድ በኋላ በስድስተኛው ወር ድባቴው ያልለቀቃቸው ከነዚህ መካከል 23 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ሕክምና ካልደረሳቸው መካከል 53 በመቶ። ቁጥሩን በወሬ ከግማሽ በታች አወረዱት! አንተም ስታወራ ነው የምትውለው፤ ስንቱን አዳንክ?

ውጭ አገር ያለችው እህታችንማ ሌላ ጉድ ናት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትወልዳለች፤ ገንፎውን የሚያገነፋ የለ፣ ጠያቂ የለ፤ እልልታው በቪዲዮ ነው፤ እሱም መሐል ላይ ይቆራረጣል። ባሏ ለሥራ ወጥቷል። ክሊኒኩ የስሜት መጠይቅ ሲሰጣት «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብላ ሞልታ ትመልሳለች፤ ልጄን ይወስዱብኛል ብላ ፈርታ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች ቀንም ሌሊትም የሚነሣ ነጻ የስልክ መስመር አለ፤ አስተርጓሚም ያቀርባል። እዚያም ግን ዶክተራችን በዋትስአፕ ይደርስባታል። «አሜሪካ ተቀምጠሽ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ድምፅ ይልካል። ሦስት ደቂቃ! ከሦስቱ ሁለቱ ሳል ነው።

«እኔስ?» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔም እኮ ደክሞኛል።»

አሃ! አሁን ሰው ሆንክ። እውነትህን ነው። ከአባቶችም 10 በመቶ ያህሉ በእርግዝናውና ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመት ድባቴ እንደሚያገኛቸው ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ አሳይቷል። ስለዚህ የምሬን ነው የምልህ፤ አንተም ካልተኛህ፣ ካልበላህ፣ ነገሩ ሁሉ ካስጠላህ ሂድና ታይ። «ምንም አልሆንክም» አልልህም። ባለጌ አይደለሁም።

ድካሙ ግን ከየት መጣ የሚለውን እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷታል። ለአባትየውስ? 3 ቀን። ከነደመወዙ! የመጀመሪያውን ቀን «እንኳን ደስ ያለህ» ስትባል ዋልክ። ሁለተኛውን ስትጋብዝ አመሸህ። ሦስተኛውን የራስ ምታት ይዞህ ተኛህ፤ እሷም ተነሥታ አጥሚት ሠራችልህ። ያንተን አራስነት ያረሰችው እሷ ናት! ሕግ አውጪው ቀኑን ማሳነሱ ያከራክራል፤ ያንተን ሦስት ቀን ካየ ግን ሦስቱንም ይወስድብሃል ብዬ እሰጋለሁ።

ወደ እናንተ ልዙር፤ እሱ ይተንፍስ። አራስ ጠያቂ ነን ባዮች ሁሉ ስሙ። ጠያቂ ሞልቷል፤ የጠየቀ የለም። ሕፃኑ ማንን መሰለ? ስሙ ማን ተባለ? ክርስትናው በ40 ነው በ80? ስንት ኪሎ ተወለደ? ጡት ያዘ? ሁሉም ጥያቄ ስለ ልጁ ነው። እሷን ስንጠይቅ አብሽ እንሰጣታለን፤ በአብሹ ላይ «አብሽሪ» እንጨምርላትና እንወጣለን። አራስም ራስ አላት፤ እሱንም ጠይቁ።

አጠያየቁ ደግሞ አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀ፣ የኤደንብራ መጠይቅ የሚባል፣ 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት መጠይቅ አለ። ወደ አማርኛ ተመልሶ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። ያለፉትን ሰባት ቀናት ነው የሚጠይቀው። መሳቅ ችለሻል? ያለ ጥፋትሽ ራስሽን ወቅሰሻል? ያለ ምክንያት ፈርተሻል? ከኀዘን የተነሣ እንቅልፍ አጥተሻል? አልቅሰሻል? አሥረኛው ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆን ይጠይቃል፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ሸክሙን ያቀልላታል እንጂ። ሞልቶ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የዶክተራችን ገንፎ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያውም ሳይደግም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አራስ ቤት ስትገቡ ሰዉ ገለል ሲል ጠጋ በሏትና «አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?» በሏት። መልሱን ሳትቆርጡ ስሙ። እንባው ሁለት ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ የሌለ ድምፅ ከሰማች ወይም ሞትን ካነሣች በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዷት። ገንፎ ያገነፋችሁ ሳህኑን አጥባችሁ ውጡ፤ ለሁለት ሰዓት ሕፃኑን ያዙላትና ትተኛ። የሚይዝ ጠፋ እንዳትሉኝ፤ ዶክተር ሥራ ፈትቷል።